ከፍም ቤት የተመረቁ

አገሩ የት ነው አትበሉኝ። አባቴም ሲያወራው የት እንደሆነ አልነገረኝም። ብርድ አገር ነው፣ አለ። ያ ይበቃል።

ጭጋጉ ከገባ ለወራት አይለቅም። እንጨቱ ርጥብ ነው። ድንጋይ ከድንጋይ ሲያፋጩ ቢውሉ እሳት አይወጣም። ስለዚህ በዚያ አገር እሳት አይለኮስም፤ ይጠበቃል። ማታ አመድ ይለብሳል፣ ጠዋት አመዱ ይገለጥለታል። እንዲህ እየተዳፈነ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። እሳቱ የጠፋበት ሰው ገል ይዞ ጎረቤት ይሄዳል። "እሳት ልጭር መጣሁ" ይላል። ይሰጠዋል። ይሄዳል።

ደግ ዘመን ነበር ብዬ አልዋሽም። ጎረቤት የጠላው ሰው የምትሰጠው ፍም የምስር ፍሬ ታክላለች። ደጁ ሳይደርስ ትጠፋለች። ጎረቤት የሌለው ሰውም ነበር። እሱን ብርድ ይገድለዋል። ጭጋጉ ሲነሳ ይገኛል።

አንድ ደግ ንጉሥ ነገሡ። የምር ደግ ነበሩ። ጭጋጉ እንደተነሳ አገር ሊያዩ ወጥተው እንዲህ ያለ ሰው አገኙ። ገሉን በሁለት እጁ እንደያዘ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ደርቋል። ንጉሡ አለቀሱ። "ከእንግዲህ ድሀ የጎረቤት ፊት አይይ፤ የመንግሥትን ፊት ይይ" አሉ። ነጋሪት ተጎሰመ። የፍም ቤት ይሠራ ተባለ።

የት ይሠራ? መኳንንቱ ብዙ መከሩ። አንዱ "መንደር መሀል ቢሆን" አለና ተሳቀበት። የመንግሥት ቸርነት ከሩቅ መታየት አለበት ተባለ። ኮረብታው ጫፍ ላይ ተሠራ። በእውነትም ከሩቅ ይታያል።

ከቤቱ ጋር ሌላ ሕግ ወጣ። ጎረቤት ለጎረቤት እሳት መስጠት ክልክል ሆነ። እሳት ዳር አስቀምጦ ማሞቅም ክልክል ሆነ። የአንዱ ፍም ትልቅ፣ የሌላው ትንሽ እየሆነ ሕዝቡ እንዳይቀያየም ተብሎ ነው። ሲሰጥ የተገኘ የፍም ቤት ሰዎች መጥተው ምድጃው ላይ ውሃ ያፈሱበታል። ይህን የሚቆጣጠር ጢስ ተመልካች ኮረብታው ላይ ተሾመ። ሥራው በጭጋግም ቢሆን ማየት ነው። ያያል።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። እውነቱ እንዲህ ነው። የመጣ ሁሉ ጭብጥ የሚያህል ፍም ይሰጠዋል። ከየት መጣህ የሚለው የለም። ብቻ ከኮረብታው እስከ ታች መንገዱ ሩቅ ነው። የታች ሰው ቤቱ ሲደርስ ገሉ ላይ ያለው አመድ ነው። ፍም ቤቱ ግን የሰጠው ፍም ነው። ስለዚህ ፍም ተሰጥቷል ተባለ።

ልጃቸው ሲነግሡ አንድ ሰው በመንግሥት ፍም በቆሎ ሲጠብስ ተያዘ የሚል ወሬ መጣ። ማን እንደሆነ አልታወቀም። በቆሎውንም ያየ የለም። ቢሆንም ያ በቆሎ ብዙ ዘመን ተወራ። በሸንጎ ስለ ብርድ ነገር በተነሳ ቁጥር አንዱ ተነስቶ "በቆሎውስ?" ይላል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል።

ንጉሡ "ፍም ለበረደው ብቻ ይሰጥ" ብለው አዘዙ። ማን በረደው? ይህን የሚለይ የብርድ ዳኛ ተሾመ። ዳኛው እጁን የሰውዬው ማጅራት ላይ ያደርጋል። ቀዝቃዛ ከሆነ ፍም ይሰጠዋል። ሙቅ ከሆነ ይመለሳል። የዳኛው እጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ሞቆ አንድ ጊዜ ቀዝቅዞ ፍርድ እንዳያዛባ በበግ ለምድ ከረጢት ውስጥ ከጋለ ድንጋይ ጋር ይቀመጣል። ድንጋዩን የሚያግሉ ሰዎች ተቀጠሩ። ማጋያ ቤት ተሠራ። የዳኛውን እጅ ለማሞቅ የሚነደው ለሕዝቡ ከሚሰጠው በለጠ። ፍርድ እንጨት ይበላል፤ ምን ይደረግ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ፍም ቤቱ ኮረብታ ጫፍ ላይ ነው። ከታች የሚመጣ ሰው አቀበቱን ሲወጣ ያልበዋል። ዳኛው ዘንድ ሲደርስ እንፋሎቱ ይወጣል። "ሙቅ" ይባላል። ኮረብታው ላይ የሚኖሩት የመኳንንቱ ዘመዶች ከአልጋቸው ተነስተው በስስ ልብስ ብቅ ይላሉ። "ቀዝቃዛ" ይባላሉ። ፍሙን ይዘው ይገባሉ።

ይህን ያስተዋለ አልነበረም አይባልም። የታች ሰዎች አስተዋሉ። ከፍም ቤቱ አጥር ስር፣ ነፋሱ ላይ ተቀምጠው ላባቸው እስኪደርቅ መጠበቅ ጀመሩ። ይኸም ተደረሰበት። ዘበኛ ተቀጠረ። "ብርድ ማጠራቀም ክልክል ነው" ተባለ።

ሦስተኛው ንጉሥ ብልህ ነበሩ። "ሰው በነጻ ሲሰጡት ይሰንፋል፤ ፍም የፈለገ አንድ ሸክም እንጨት ይዞ ይውጣ" አሉ። እንጨት የተሸከመ ሰው እንዴት ሆኖ እንደሚደርስ ታውቃላችሁ። ሙቅ የሚባለው ሰው በዛ። መኳንንቱ ተጨነቁ። ንጉሡ ግን "ይህማ ደስታ ነው" አሉ። "ሙቅ ከተባለ ከብርድ ወጥቷል ማለት ነው። ይመረቅ።" ከዚያ ወዲህ ሙቅ የተባለ ሰው ከበሮ ይመታለታል። ቀይ ክር አንገቱ ላይ፣ ከማተቡ በላይ ይታሰርለታል። እሱም እልል ይላል። እልልታው ግዴታ ነው። የተመረቀ ሰው ወደ ፍም ቤት አይመለስም። የሌላ አገር ነገሥታት ሰው እየላኩ የክሩን ብዛት ያስጎበኙ ጀመር። አይተው ይደነቃሉ። እነሱም ኮረብታ ፍለጋ ይሄዳሉ።

በእኚህ ንጉሥ ዘመን ነው የአንጓች ነገር የሆነው።

አንጓች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቤቷ ከኮረብታው ግርጌ፣ ወንዙ ዳር ነው። ልጇ ድንቅነሽ እሷ ቤት መጥታ ወንድ ልጅ ወለደች። የድንቅነሽ ባል ለንጉሡ እንጨት ሊቆርጥ ቆላ ወርዷል። ጭጋጉ ገብቷል። በተወለደ በማግስቱ ጣራው አፈሰሰና ውሃው ምድጃው ላይ ወረደ። እሳቱ ጠፋ።

በታች መንደር እሳት ያለው ቤት ጥቂት ነው። ሌላው ተመርቋል። ጥሬ ይቆረጥማል፣ ልብስ ደርቦ ይከርማል። አዋቂ ይችለዋል። የተወለደ ልጅ ግን አይችልም።

ከአጥር ወዲያ ማዶ ፈንታ አለ። ቀንበር ጠራቢ ነው። ምላሱ ስል ነው ይሉታል። ካቻምና እሳቱ ልትሞትበት ስትል ፍም ፍለጋ ወጥቶ ተመርቆ ተመለሰ። አመዱን ሲበትን አንዲት ብልጭታ አገኘ። በትንፋሹ መለሳት። ከዚያ ወዲህ አጠገቧ ነው የሚተኛው። ሚስትህ ናት እያሉ ይቀልዱበታል።

"ጠፋ?" አላት ባጥሩ ላይ።

"ጠፋ።"

"ጢስ ሳላይ ጊዜ። ሕፃኑስ?"

"እግሩ ቀዝቅዟል።"

ፈንታ ወደ ኮረብታው ቀና ብሎ አየ። ጢስ ተመልካቹ ቦታው ላይ ነው።

"ብሰጥሽ ሁለታችንም ላይ ያፈሱብናል። ያኔ ሁለት ቤት ነው የሚበርደው።"

"ማን ስጠኝ አለህ?"

"እንዳትቀየሚኝ ነው።"

"አልተቀየምኩም። እንጨት ካለህ ሸክም እሰርልኝ። ልወጣ ነው።"

እንጨት መስጠት አልተከለከለም። ፈንታ ቀላል ቀላሉን መርጦ አሰረላት። ጀርባዋ ላይ ሲያደርግላት "አሮጊት ነሽ፣ ቀስ ብለሽ ውጪ። እንዳያልብሽ" አላት።

"አቀበቱን ንገረው" አለች።

ቀስ ብላ ወጣች። አላባት።

ፍም ቤቱ ደጃፍ እንጨቷን ተቀበሏት። አጥሩ ስር ልትቀመጥ ስትል ዘበኛው መጣ።

"እማማ፣ ይነሱ። ብርድ ማጠራቀም ክልክል ነው።"

"እያረፍኩ ነው ልጄ።"

"ማረፍም ያበርዳል።"

ተነሳች። ከፊቷ አንዲት የኮረብታ ሴት ነበረች፤ ክር የሚያስረው ሹም ሚስት ናት። ቤቷ ከዚያው አጠገብ ነው። በነጠላ ጫማ ነው የመጣችው። ተዳሰሰች፣ ፍሟን ተቀበለች፣ "አቤት ብርዱ" እያለች ገባች።

የብርድ ዳኛው አዛዥ መኩሪያ ይባላል። እጁን ከከረጢቱ አወጣ። አንጓች ማጅራት ላይ አደረገ።

"ሙቅ ነዎት።"

"አቀበቱ ነው ጌታዬ። ቤቴ ብርድ ነው።"

"ቤትዎን አልዳሰስኩም። የዳሰስኩት እርስዎን ነው።"

"የበረደው እኔን አይደለም። ልጄ ወልዳለች። ሕፃኑን ነው።"

"ይምጣና ይዳሰስ።"

"ትናንት ነው የተወለደው።"

"መራመድ አይችልም ማለት ነው።"

"አይችልም።"

መኩሪያ አሰበ። ክፉ ሰው አልነበረም። "አዝለው ቢያመጡት" አለ፣ "ከጀርባዎ ላይ ተለጥፎ ስለሚሞቅ ሙቅ መባሉ አይቀርም። በከንቱ እንዳይለፉ ብዬ ነው የምነግርዎት።"

"እንግዲያው ሸክሙና አቀበቱ ነው ያሞቃት ብለው ይፍረዱልኝ።"

"አቀበቱ የማን ነው?"

"የንጉሡ።"

"እንጨቱን በማን ትእዛዝ ተሸከሙ?"

"በንጉሡ።"

"ታዲያ ማን ነው ያሞቀዎት?"

አንጓች የያዘችውን ገል ዘረጋችለት።

"ንጉሡ ናቸው" አለ መኩሪያ። "ደስ ይበልዎት እንጂ እማማ። ተመርቀዋል።"

ከበሮው ተመታ። ክሩ ታሰረላት። እልል በይ አሏት። አንድ ጊዜ እልል አለች። ድምፅዋ ወጥቶ አልወጣም፤ ይበቃል አሉ።

ቁልቁለቱ ላይ ላቧ ደረቀ። ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ያኔ ማጅራቷን ቢዳስሱት ጥሩ ነበር። የሚዳስስ ግን አልነበረም።

ፈንታ አጥሩ ጋ ቆሞ ይጠብቃታል። ገሉ ባዶ መሆኑን አየ። ክሩንም አየ።

"ተመረቅሽ?"

"ተመረቅሁ።"

"እንኳን ደስ ያለሽ።"

አልሳቀችም። ከቤት ውስጥ የድንቅነሽ ድምፅ መጣ። "እማዬ" አለች፣ "ማልቀስ ተወ።"

አንጓች ገባች። የሕፃኑ ከንፈር ጠቁሯል። እግሩ ድንጋይ ነው። ድንቅነሽ ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች፤ ግን እሷም ደም የፈሰሳት አራስ ናት፣ ራሷ ትንቀጠቀጣለች። አንጓች ልትይዘው እጇን ዘረጋችና መለሰችው። እጇ ከሱ ይብሳል።

ፈንታ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። አንገቱ ላይ ያለውን ክር ይጎትታል።

"አንጓች፣ እኔ ምንድን ነኝ?"

"አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?"

"አልቀለድኩም። በመንግሥት ቃል ምንድን ነኝ?"

"ሙቅ።"

"ሙቅ ሰው ጎረቤቱ ቤት መግባት ተከልክሏል?"

አንጓች አሰበች። "እሳት ነው የተከለከለው።"

"እሳት ይዣለሁ?"

"አልያዝክም።"

"በይ ዞር በይልኝ።"

ገባ። ደበሎውን ፈታ። ሕፃኑን ተቀብሎ ከደረቱ ጠጉር ጋር አጣበቀውና ደበሎውን መልሶ ደረበበት። ድንቅነሽን በጎኑ አስቀመጣት። ከዚያ አንጓችን "ሂጂና የተመረቀውን ሁሉ ጥሪ" አላት።

መጡ። የታች መንደር ሰው ሁሉ አንገቱ ላይ ክር አለ። ጎጆዋ ጠባብ ናት። ጉልበት ለጉልበት ገጥመው፣ በረት እንደገባ በግ ተፋፍገው ተቀመጡ። የጣራውን ቀዳዳ በገለባ ደፈኑት። ተነፈሱ። ሌላ ሥራ የለም፤ መተንፈስ ብቻ። ጥሬ ሽምብራ የበላ አንድ ሰው ነበርና ነፋስ አመለጠው። አፍሮ ሊወጣ ሲነሳ ፈንታ ልብሱን ያዘው።

"ቁጭ በል። እሱም ሙቀት ነው።"

ሳቁ። ሲስቁ ቤቱ ይበልጥ ሞቀ። ቆይቶ ከፈንታ ደበሎ ስር ድመት የምታለቅስ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ሳቁ ቆመ። ድምፁ እንደገና መጣ፤ አሁን የሰው ልቅሶ ነው። ድንቅነሽ ጡቷን አወጣች።

ከዚያ ቀን ወዲያ በተራ ተቀመጡ። እርሻ ያለበት ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ሕፃኑ ከደረት ወደ ደረት እየዞረ ሰነበተ።

ጢስ ተመልካቹ ግን ያያል። ለአዛዥ መኩሪያ "የአንጓች ቤት ጢስ የለም፣ ልጁ ግን ያለቅሳል" አለው። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም። ጢስ የሌለው እሳት አውጥተው ይሆናል ተባለ። መኩሪያ ሊመረምር ወረደ። ከተሾመ ወዲህ ወደ ታች ሲወርድ የመጀመሪያው ነው።

ቁልቁለት ሰው አያሞቅም። ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ድንጋይ መንገድ ላይ ቀዘቀዘ። በሩን ሲከፍተው ጢሙ ላይ ጤዛ ነበር።

"እሳቱ የት ነው?"

"የለም ጌታዬ" አለች አንጓች።

ምድጃውን በዘንጉ ቆፈረው። ርጥብ አመድ ነው። ሕፃኑን አምጡ አለ። እጁን ማጅራቱ ላይ ሲያደርግበት ልጁ ጮኸ። በረዶ ነው የነካው።

"ሙቅ ነው" አለ መኩሪያ። ገርሞታል። "ያለ እሳት ሙቅ አይገኝም። ውሃ የሚያፈሱትን ልጠራ ነው።"

"ጌታዬ፣ ሙቅ ሙቅ ሰው ተሰብስቦ ነው" አለ ፈንታ።

"ማን ሙቅ አላችሁ?"

"እርስዎ።"

ሁሉም ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው ክሩን አሳዩት። መኩሪያ አንድ በአንድ አያቸው። የሱ ፍርድ ነው ሁሉም። ሙቅ አይደሉም ቢል ፍርዱ ሐሰት ይሆናል፤ የንጉሡ ምርቃትም ሐሰት ይሆናል። ሙቅ ናቸው ካለ ጥፋት የለም። በሩ ላይ ቆሞ አሰበ። እያሰበ ይንቀጠቀጣል።

"ጌታዬ፣ ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ" አለች አንጓች። "በሩን ከፍተው አበረዱን።"

ገባ። በሩን ዘጋ። ጠጋ ጠጋ አሉለት። በፈንታና በአንዲት አሮጊት መሀል ተቀመጠ። እጁን የት እንደሚያደርገው ቸገረው።

"ብብትዎ ስር ያድርጉት" አለው ፈንታ። "እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው።"

እንደዚያ አደረገ። ጭጋጉ ሳሳ እስኪል ተቀመጠ። ሲሄድ "ደህና ዋሉ" አለ።

ንጉሡ ፊት ቀርቦ ያየውን ተናገረ። "የታች ሕዝብ ያለ እሳት ሞቆ ይኖራል" አለ። አንዱም ቃል ውሸት የለበትም። ንጉሡ በጣም ደስ አላቸው። "የአያቴ ድካም ፍሬ አፈራ" አሉ። ግብር ተበላ። ፍም ቤቱ ሥራውን ፈጽሟልና ይዘጋ የሚል አዋጅ ወጣ። ዳኛው፣ ዘበኛው፣ ድንጋይ አጋዮቹ፣ ውሃ አፍሳሾቹ ተሰናበቱ።

እንጨቱን በተመለከተ አዋጁ ያለው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሸክሙ ቀጠለ። ወደ ቤተ መንግሥት ይገባል።

አዋጁ በተነገረ ቀን ፈንታ በአጥሩ ቀዳዳ ገል አሾለከ። ላዩ ላይ ቡጢ የሚያህል ፍም አለ።

"ተፈቀደ እንዴ?" አለች አንጓች።

"አልተፈቀደም። የሚያፈስ ጠፋ።"

ተቀበለችው። ከሷ ቤት ሌላው ጫረ፣ ከዚያ ቤት ሌላው። ታች መንደር ጢስ በጢስ ሆነ።

ኮረብታው ላይ ያሉት እሳት ማዳፈን አያውቁም። ሲሰጣቸው ነው የኖሩት። ጥቂት ሳይቆይ ጠፋባቸው። አንድ ቀን አዛዥ መኩሪያ ገል ይዞ አንጓች ደጅ ላይ ቆመ። ምን እንደሚባል አልጠፋውም፤ ግን አፉ እምቢ አለው። አንጓች ጠብቃ ጠብቃ ስታይ ገሉን ከእጁ ወሰደችና ፍም አደረገችለት። አቀበቱ ላይ ጠፋበት። ተመለሰ። እንደገና ሰጠችው። እንደገና ጠፋ።

"ልጄ፣ ፍም ሩቅ አይሄድም" አለችው ሲመለስ። "ቤትህን ወደዚህ አምጣው።"

ሚስቱን ይዞ ወረደ። ከፈንታ አጥር ቀጥሎ ጎጆ ቀለሰ። ፈንታ ማገር ሰጠው፤ ሲሰጠው ብዙ ተናገረው።

እንጨቱን እሱም ይሸከማል። የታች ሰው ሆኗላ። አቀበቱ ላይ ላቡ በጢሙ ሲወርድ ፈንታ ከኋላው ነው።

"አዛዥ፣ ሞቀዎት?"

"ዝም ብለህ ውጣ" ይለዋል።

ያ ሕፃን አድጓል። ከሁለቱም ፊት ፊት ነው የሚወጣው። ሸክሙ ከነሱ ይበልጣል።

እኔ ጋ የደረሰው ይህ ነው። የቀረውን ብርድ የሚያውቅ ይጨምርበት።